ጉንፋኑ ለቆ እግር ሲከዳ፦ ቤት ውስጥ ምን ይታያል፣ ሐኪም ቤት ምን ይጠየቃል

በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ ላይ ወንድሜ ባጃጁን ይዞ አዘዞ መካኒክ ጋ ሄደ። «ፍሬኑ እየከዳኝ ነው» ብሎ። መካኒኩ ጎማ ፈቶ የፍሬን ሸራውን አየ፣ ዘይቱን አየ፣ በመጨረሻ ራሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ረገጠውና «ወንድሜ፣ ፍሬኑስ ደህና ነው» አለው። የእጅ ዋጋ እንኳ አልተቀበለውም። እውነቱን ነበር፤ የከዳው ቀኝ እግሩ ነው።

እኔ ያኔ ጎንደር ውስጥ በነርስነት ስሠራ 19ኛ ዓመቴ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲመጣ አውቃለሁ። የገዛ ወንድሜን ግን ሦስት ቀን ሙሉ እያየሁት አላየሁትም። የምጽፈው ሌላ ሰው እነዚያን ሦስት ቀኖች እንዳያባክን ነው።

ነገሩ የጀመረው በቅድስት ሳምንት ነበር። ጉንፋን ቤቱን ዞረው፤ መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ ሚስቱን፣ በመጨረሻ እሱን። ሦስት ቀን አተኮሰው፣ ሳለ፣ ዳማከሴ ጠጣ፣ ለቀቀው፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል፣ ከመጻጉዕ በፊት ባለው ዓርብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰግዶ ሊነሣ ሲል ጉልበቱ እንቢ አለውና የጎኑን ሰው ትከሻ ይዞ ተነሣ። እናታችን «ጾሙ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን እየዋለ» አለች። ጎረቤታችን «ሽሮው ውስጥ ጓያ ሳይደባለቅበት አይቀርም» አሉ። አንድ ክሊኒክ ደሙን ተመርምሮ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተባለና ኪኒንና የቫይታሚን መርፌ ይዞ ተመለሰ። እኔ ደግሞ «ከጉንፋኑ የተረፈ ድካም ነው፣ ተኛ» አልኩት።

ሁላችንም የሳትነው አንድ ነገር ነው፤ ድካምን ከመክዳት አልለየንም። የደከመ ሰው እንቢ የሚለው ራሱ ነው፤ ቢገደድ ይነሣል። የከዳው ሰው ግን እሱ እሺ ሲል እግሩ እንቢ ይለዋል።

ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

በሽታው ጊላን ባሬ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1916፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ጊላን፣ ባሬ እና ስትሮል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ሁለት ወታደሮች ላይ ካዩት ነገር ነው። የወታደሮቹ እግር ዝሏል፣ ጉልበታቸው በሐኪም ትንሽ መዶሻ ሲመታ እግራቸው አይዘልም፣ ከጀርባ የተቀዳው ውኃ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ሴሉ ግን አልጨመረም። ከመቶ ዓመት በኋላም ሐኪሞች የሚፈልጉት እነዚሁኑ ምልክቶች ነው። (ስትሮል ስሙ ለምን እንደ ቀረ እንጃ፤ ያሳዝነኛል።)

ለቤተሰብ የማስረዳው እንዲህ ነው። ሌሊት ሌባ ግቢ ገባ እንበል። ዘበኛው በጨለማው ያየው ቀይ ጥለት ያለው ጋቢ ብቻ ነው። ሌባውን አባረረ፤ ቀዩ ጥለት ግን ከዓይኑ አልጠፋም። በማግስቱ ሌሊት አባወራው ያንኑ ዓይነት ጋቢ ደርቦ ደጅ ሲወጣ ዱላው እሱ ላይ አረፈ። ሌባው ቫይረሱ ነው፣ ዘበኛው የሰውነታችን መከላከያ፣ አባወራው ነርቭ። ነርቭ እንደ መብራት ሽቦ ልባስ አለው፤ መከላከያው ወይ ያንን ልባስ ይልጠዋል ወይ ሽቦውን ራሱን ይጎዳዋል። ዘበኛው ዱላ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ስለሚያስፈልገው ችግሩ የሚመጣው ትኩሳቱ ከሄደ በኋላ ነው። ሌባው ያኔ ግቢ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ መደራረብ እግሩን አያስነሳውም።

ይህ መመሳሰል በደንብ የታየው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቫይረስ ላይ ሳይሆን ካምፒሎባክተር በሚባል ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ላይ ነው፤ የባክቴሪያው ልባስና የነርቭ ልባስ ላይ ያለ አንድ ዓይነት የስኳር ቅርጽ ይጋራሉ። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥሬ ዶሮ ላይ ነው። የፋሲካ ዶሮ የምትገነጥሉ እህቶቼ፣ ዶሮ የተበለተበትን ቢላና ሳፋ ሳታጥቡ ሰላጣ አትክተፉበት። ከቫይረሶች ወገን ኢንፍሉዌንዛ፣ ሳይቶሜጋሎ፣ ኤፕስታይን ባር፣ ሄፓታይተስ ኢ፣ ዚካ እና ኮቪድ ይጠቀሳሉ። ኤች አይ ቪም አለበት፤ ሐኪሙ «እንመርምርህ» ሲል እንደ ስድብ አትቁጠሩት።

ይህን ነገር የእኛ አገር ትልልቅ ሰዎች በሌላ በኩል ያውቁታል። ድሮ የእብድ ውሻ ክትባት ሆድ ላይ በየቀኑ ለ14 ቀን ሲወጋ ታስታውሳላችሁ? የሚሠራው ከበግ አንጎል ነበር። ውስጡ የአንጎል ሥጋ ስላለ ጥቂት ሰዎች ላይ መከላከያቸው በዚያ ተለማምዶ ወደ ገዛ ነርቫቸው ይዞር ነበር። አሁን ያለው ክትባት ሴል ላይ የሚመረት ነው፤ የአንጎል ሥጋ የለበትም።

ሁለት ቀን ጻፉ

ማስታወሻ አውጡ። የመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ፣ ጉንፋኑ ወይም ተቅማጡ የጀመረበት፤ ሁለተኛው እጅ ወይም እግር መጀመሪያ እንቢ ያለበት። ቀን ካላስታወሳችሁ በበዓል ቁጠሩ፤ እኛ በቅድስትና በመጻጉዕ ነው የቆጠርነው። በሁለቱ መካከል ከጥቂት ቀን እስከ ስድስት ሳምንት ካለ ነገሩ ይጠረጠራል። ከሦስት ሕመምተኛ ሁለቱ ያህል እንዲህ ያለ ቀዳሚ ሕመም ያስታውሳሉ። ወረቀቱ ላይ የወሰደውን መድኃኒትና መርፌ ሁሉ ጨምሩ፤ ካርቶኑን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው።

ጉንፋን የያዘው ሁሉ ይህ ይመጣበታል ብሎ መሸበርም አይገባም። በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ በሽታ ነው።

ቤት ውስጥ የሚታየው

መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውዬውን ዱካ ላይ አስቀምጡትና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንዲነሣ ጠይቁት። ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ ያለ ግድግዳ ይነሣል ወይ? ወንድሜ ለሁለት ቀን የበሩን እጀታ እየጎተተ ይነሣ እንደነበር ቆይቶ ነው የነገረኝ፤ አፍሮ ነው። ከዚያ በተረከዙ፣ ቀጥሎም በጣቱ ጫፍ አምስት እርምጃ ይራመድ። ነጠላ ጫማው ሳያውቀው ከእግሩ ይወልቃል? ደረጃ ላይ ጣቱ ይሰነካከላል? እጅ ላይ ደግሞ ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ፣ የባጃጅ ፍሪሲዮን መጨበጥ። ሁለቱም ጎን መሆኑ፣ ከታች ወደ ላይ በየቀኑ መውጣቱ፣ ጣቶች ላይ መንዘርና ወገብን ሰርስሮ የሚያሳድር ሕመም መኖሩ፤ እነዚህ ሲደመሩ ሌሊትም ቢሆን ተነሥታችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ትንፋሹን ቁጠሩ። በደንብ አየር ይሳብና በአንድ ትንፋሽ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለ በተለመደ ድምፅ ይቁጠር። ጤነኛ ሰው 40 እና 50 ይደርሳል። ወንድሜ እሑድ ጠዋት 34፣ ማታ 26፣ ሰኞ ጠዋት 17 ላይ ቆመ። ከ20 መውረድ የመተንፈሻ ማሽን ሊያስፈልገው ይችላል ማለት ነው። ጭንቅላቱን ከትራስ ማንሣት ካቃተው፣ ሳሉ ጉልበት ካጣ፣ ድምፁ በአፍንጫ ከወጣ፣ ውኃ ሲጠጣ ትን ካለው አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 96 ስላሳየ አትዘናጉ፤ በዚህ በሽታ ቁጥሩ የሚወርደው ጡንቻው ሁሉ ካበቃለት በኋላ ነው። እኔ በዚያች 96 ተዘናግቼ ግማሽ ቀን ጨምሬአለሁ።

«ጓያ ነው» ሲሉ

ጎንደር ላይ እግር ሲከዳ ጓያ መጠርጠሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ደምቢያና ፎገራ በጓያ የተሰበሩ ሰዎች የተጠኑበት አገር ነው። ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጓያ የሚሰብረው ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነው እንጂ ሽሮ ውስጥ በገባ ጭብጥ አይደለም፤ በእንፋሎቱም፣ ገለባውን በመርገጥም አይደለም። የጓያ እግር ይደርቃል፤ ሰውዬው በጣቱ እየቆመ፣ ጉልበቶቹ እየተፋጩ ይሄዳል፤ በመዶሻ ሲመታ ይዘላል፤ እጅና ትንፋሽን አይነካም። የዚህኛው እግር ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ልፍስፍስ ነው፤ በመዶሻ ቢመታ ዝም ይላል።

አንድ ጎን ብቻ ከዛለና አፉ ከተጣመመ ስትሮክ ነው የሚታሰበው። ሽንት ከመጀመሪያው ቀን ከታገደ፣ ከሆድ ወይም ከደረት በታች የተሰመረ ያህል ከደነዘዘ አከርካሪው ውስጥ የተጫነ ነገር ሊኖር ይችላል፤ የአከርካሪ ቲቢ አንዱ ነው። እሱም የዛሬ ጉዳይ ነው።

ሕፃን ከሆነ ሌላ ግዴታ ይጨመራል። ዕድሜው ከ15 በታች የሆነ ልጅ በድንገት እጁ ወይም እግሩ ከለፈሰፈሰ፣ ሐኪሙ ጊላን ባሬ መሆኑን ቢያምንም፣ የልጅነት ልምሻ አለመሆኑ በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ዓይነ ምድር ይወሰዳል፤ ሁለቱም መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት መጥታ ስትጠይቅ አትደብቋት።

ሐኪም ቤት ሲደረስ

የሚያስፈራው ከጀርባ ውኃ መቅዳት ነው። «ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» ብለው ፈርመው የወጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ሕብለ ሰረሰር ወገብ ላይ ከፍ ብሎ ያልቃል፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ ክሮቹ ውኃ ውስጥ በሚንሳፈፉበት ቦታ ነው። ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ ሽባ ያደረገው ግን ቀድሞ የገባው በሽታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮቲኑ ደህና ሊሆን እንደሚችልም እወቁ፤ «ውጤቱ ጤነኛ ነው» ተብሎ ወደ ቤት መመለስ የለም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ከብዙ ሰዎች ደም ተለይቶ የወጣ ጥሩ ዘበኛ በሉት፤ ሌላው ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ውኃማ ክፍል፣ በማሽን መለወጥ። ሁለቱ እኩል ይሠራሉ፤ አንዱ ከተደረገ ሌላውን መደረብ ትርፍ የለውም። ኢሚዩኖግሎቡሊን በኪሎ 0.4 ግራም በቀን፣ ለአምስት ቀን ይሰጣል። ወንድሜ 60 ኪሎ ነበር፤ በቀን 24 ግራም፣ በድምሩ 120 ግራም፣ ባለ 5 ግራሙ 24 ጠርሙስ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ አስቀድማችሁ ሥሩት፤ ዋጋው ቤት ያናጋል። እኛ ዕቁባችንንም፣ የባጃጁን ቁጠባም፣ የእናታችንን ወርቅም ነካን። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስናስመጣ በበረዶ ሣጥን ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ በረዶውን ግን አይንካ፤ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። የተሻለ የሚሠራው መዛሉ በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሰጥ ነው። የጠፉት ሦስት ቀኖች ያኔ ነው የቆጩኝ።

ዴክሳሜታዞንና መሰሎቹ ስቴሮይዶች ይህን በሽታ አይጠቅሙም፤ ተሞክሮ ታይቷል። አንድ ሰው «አንድ መርፌ ይወጋና ይነሣል» ካላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ለሚያጠቁት የዚህ በሽታ ዘመዶች ግን ስቴሮይድ ዋናው መድኃኒት ስለሆነ የሐኪሙን ቃል ሳትሰሙ «አይሰጠው» አትበሉ።

አስታማሚው

ወንድሜ ሰኞ ማታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ፤ 11 ቀን ማሽን ላይ ቆየ። ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ እዚያ ይደርሳል፤ ማሽን ማለት ሞት ማለት አይደለም። ፊቱ እንደ ድንጋይ ስለቀረ ዘመድ ሁሉ እላዩ ላይ ቆሞ «አይ፣ ይኸ አለቀለት» ይላል። ይሰማል! አእምሮው ንጹሕ ነው፣ የሚነካው ሁሉ ያመዋል፣ መናገር ብቻ ነው ያቃተው። ዓይኑን አንድ ጊዜ ሲጨፍን «አዎ»፣ ሁለቴ ሲጨፍን «አይ» ብለን ተስማማን። መጀመሪያ የጠየቀን፣ በፊደል ገበታ ላይ እያመለከትንለት፣ «ባጃጁን ማን ያዘው» ነበር።

በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን አዙሩት። የዓይኑ ቆብ ካልገጠመ ቅባት ይደረግ፣ በጋዝ ይሸፈን፤ ደርቆ ይቆስላል። ተረከዙ ከፍራሽ ይነሣ፤ የተጠቀለለ ነጠላ ከሥሩ በቂ ነው። ሳትነግሩት አታንቀሳቅሱት፤ ደም ግፊቱና የልቡ ምት በድንገት ሊወጣና ሊወርድ ስለሚችል ሲያላበው ወይም ሲገረጣ ነርሷን ጥሩ። እግሩ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መርፌም ጠይቁ።

አሁን አስቸጋሪው። መዋጥ ያቃተው ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፤ አጥሚትም፣ በሶም፣ በማንኪያ የተያዘ ጠበልም ቢሆን። ሳንባው ውስጥ ይገባል። እናታችን ጠበል ይዛ ስትመጣ ማን ደፍሮ ይከልክላት? የነፍስ አባታችንን ጠራናቸው። ጠበሉን ግንባሩና እጁ ላይ ረጩት፣ መስቀሉን አሳለሙት፣ «በአፉ ይቅር፣ በላዩ ይበቃል» አሏት። ሌላ ክርክር አልነበረም። ጾሙንም በዚያው ፈቱለት።

ሌላ መልክ ይዞ ሲመጣ

ከቫይረስ በኋላ የሚነካው እጅና እግር ብቻ ቢሆን በቀለለ። ልጅ ከኩፍኝ ድኖ በሳምንት ጊዜ ውስጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው፣ አካሄዱ ከተበላሸ አንጎሉ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ከንፈር ላይ ሲወጣ «ምች መታኝ» የምንለው ቁስል ቫይረስ እጅግ አልፎ አልፎ አንጎል ይገባል፤ ከዚያ ታክሞ የተሻለው ሰው በሳምንታት ውስጥ እንደገና ጠባዩ ከተለወጠ፣ ካልተኛ፣ ለብቻው ካወራ፣ ፊቱ ያለ ፈቃዱ ከተንቀሳቀሰ መከላከያው ወደ ገዛ አንጎሉ ዞሮ ይሆናል። ይህ የሚታከም ነው። መንፈስ ነው ብላችሁ ጠበል ብትወስዱትም በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። አንድ ዓይን በድንገት ደብዝዞ ሲንቀሳቀስ ካመመም እንዲሁ።

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማለትም መከላከያው የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን የነርቭ ልባስ የሚልጥበት በሽታ፣ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ ተከትሎ፣ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ከያዛቸው በኋላ የመታመም ዕድላቸው 32 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም ያ ቫይረስ ያልያዘው አዋቂ ብርቅ ነው፤ የሚታመመው ግን ጥቂቱ። ሌባው ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ቤት ሲመለስ

መዛሉ እስከ አራት ሳምንት ቢገፋ ነው፤ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከአሥር ሰው ስምንቱ በስድስት ወር ያለ ድጋፍ ይሄዳሉ። ሽቦው ራሱ ከተጎዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለውን ርቀት ራሳችሁ አስሉት።

ለወንድሜ ግቢው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ጎን ለጎን በወገቡ ልክ ተከልንለት። ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረችንን በቀን አራት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ይሠራ ነበር። እሱ አንድ ሰዓት ካልሠራሁ ይላል፤ በማግስቱ ግን አልጋ ላይ ይውላል። ሲያደክመው ማቆም አለበት፤ እዚህ በሽታ ላይ ጀግንነት አይሠራም። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይወድቅ እግሩን ከሣንቃ ጋር አስደግፈን እናስተኛው ነበር። ድካሙ ዓመት አልፎም አለ፤ «ሰነፈ» የሚል ሰው እንዳይኖር ለባጃጅ ማኅበሩ ልጆች እኔው ሄጄ ነገርኳቸው።

ክትባት ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ የጉንፋን ክትባት በኋላ ከ100,000 ሰው አንድ ያህል ጊላን ባሬ ተጨምሮ ታይቷል፤ ጉንፋኑ ራሱ የሚያመጣው ግን ከጉንፋን ክትባት ይበልጣል። ሕመሙ ከአንድ ክትባት በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ የመጣበት ሰው ያንን ክትባት ለሐኪሙ ይንገር። የእብድ ውሻ ግን ምርጫ የለውም፤ ምልክቱ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ወንድሜን ከዳነ በሁለተኛው ዓመት ሣሙና በር አካባቢ ውሻ ነከሰው። ቁስሉን በሣሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት፤ እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ «እትዬ፣ መርፌው ያንን አይመልስብኝም?» ይለኛል። የበጉን አንጎል ነገር ነግሬው፣ ያኛው ክትባት እንዳልሆነ ነግሬው ተነሣን። ባጃጁን የነዳው እሱ ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቁልቁለቱን ስንወርድ ቀኝ እግሩን ነበር የማየው።